«ድንገት ነው» እንላለን እንጂ

ውድ አንባቢዎች፣ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ዘመድ ወይም ጎረቤት በልብ ሕመም ሲሞት ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ የምትሰሙት የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? እኔ የሰማሁት ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ድንገት ነው» የሚል። «ደህና ስትስቅ፣ ስትጫወት ዋለች፤ ድንገት ነው» እንላለን። ቃሉ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ሟቿ አልተንገላታችም፣ የቀረውም ሰው የሚጸጸትበት ነገር የለም ማለት ነውና። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ በዚህ ቃል ስጽናና ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ይህን ቃል ከየቤታችን እንድናስወጣው ልለምናችሁ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ምክንያቱን ከራሴ ቤት ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከጎንደር የአክስቴ መርዶ ደረሰኝ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስሄድም ስንቄን ቋጥራ የሸኘችኝ ይህችው አክስቴ ናት። ዕድሜዋ 58 ነበር። ማታ ቡና እየቆላች ሳለች «ደረቴን ከበደኝ» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ባጃጅ ተፈልጎ ሐኪም ዘንድ ብትደርስም ሌሊቱ ሳይነጋ አረፈች።

እኔ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አንዷ «መጋኛ ነው የመታት» ትላለች። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ያው ቃል ነበር፤ «ድንገት ነው»።

ጥግ ይዤ እንደተቀመጥኩ የአክስቴን የመጨረሻ ዓመታት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ማጅራቴን ይዞኛል» ትል ነበር። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ትጠጣለች። «ምች ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች። ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣውን ዳገት ሁለት ጊዜ ቆማ ታርፍበት ጀመር። «እርጅና ነው» ተባለ። ሌሊት ትራስ ደራርባ ካልሆነ እንቅልፍ አልወስድ አላት። «ሐሳብ ነው» ተባለ። እግሯ ማታ ማታ ሲያብጥ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ነው» ተባለ።

ይህ ብቻም አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ነርስ የደም ግፊቷን ለክታ 170 በ100 መሆኑን ነግራታለች። ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት። ሦስት ወር ዋጠችው፤ ራስ ምታቱ ተዋት። ራስ ምታቱ ሲተዋት እሷም መድኃኒቱን ተወችው።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ሳለ አክስቴ ኪኒኑን መተዋን ነግራኛለች። «ሳልታመም የምውጠው ምን ሊያደርግልኝ ነው?» አለችኝ። እኔ ስለ ጤና በጋዜጣ የምጽፈው ሴት ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «እውነትሽን ነው እትዬ፣ መድኃኒት ሲበዛም አይጠቅም» አልኳት። በዓሉን በሕመም ወሬ ማደፍረስ አልፈለግኩም። ከዚያም አብረን ወጥተን ታቦቱን ሸኘን። እንግዲህ የአክስቴ ሞት ድንገት ነበርን? አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ በራችንን ሲያንኳኳ ቆይቶ «ማን ነው?» የሚለው ሰው ያጣ ሞት ነበር።

ለመሆኑ የደም ግፊት ልብን እንዴት ይጎዳል? ልባችን የጡጫችንን ያህል የሆነ ጡንቻ ነው። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ደም ወደ መላው አካላችን ይረጫል። የደም ሥሮቻችን ሲጠቡና ሲደድሩ ልብ ያንኑ ደም ለማድረስ የበለጠ መግፋት ይኖርበታል። ዳገት የሚወጣ ተሸካሚ ሸክሙ በየዓመቱ ሲጨመርበት አስቡት። መጀመሪያ ጡንቻው ይፈረጥማል፤ ኋላ ግን ይዝላል። ልብም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው ይወፍራል፤ ከዚያ ይደክማል። ሰውዬው ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ያብጣል። የአንጎል ደም ሥር ከተዘጋ ወይም ከፈነዳ ደግሞ ስትሮክ ይሆናል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሲሆን ግፊቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት «የለብኝም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ለቅሶው ቤት ልመልሳችሁ። በሣልስቱ ዕለት፣ ሴቶቹ ንፍሮ ሲያድሉ፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አየሁ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ከዳባት በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ትኖራለች፤ ለእናቷ ለቅሶ ስትመጣ ልጇን ይዛት መጥታለች። ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር አልተጫወተችም። ጉልበቷ አብጧል፤ ሲነኩት ትጮኻለች።

«ወድቃ ነው?» ብዬ እናቷን ጠየቅኋት።

«አይደለም እታለም» አለችኝ። «ትናንት ቁርጭምጭሚቷ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ጉልበቷ ወጣ። ቁርጥማት ነው፤ ውርጩ መቷት ነው።»

ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ደጋ የኅዳር ውርጭ አጥንት ይሰብራልና አባባሉ እንግዳ አልሆነብኝም። ይሁን እንጂ ካንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠት ስለሚባል ነገር አንድ ጊዜ አንብቤ ነበር። «ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን ታምማ ነበር ወይ?» አልኳት።

«አዎን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት። ትኩሳትም ነበራት፤ ምራቅ መዋጥ አቅቷት ነበር። እንጥሏ ወርዶ ነው ብለው ቆራጩ ዘንድ ወስደን አስቆረጥናት። ከዚያ በኋላማ ተሽሏት ነበር።»

በዚያች ቅጽበት ለቅሶውን ትቼ ተነሣሁ። ሰዎች «ምን ሆነች?» ሳይሉኝ አልቀሩም። ለአንዷ ዘግይቻለሁ፤ ለሌላዋ ግን መዘግየት አልፈለግኩም። እናቷ «ለቅሶው ሳይወጣ የት ይኬዳል?» ብላ ጥቂት ካንገራገረች በኋላ ልጅቱን አዝላ ተከተለችኝ። ሦስታችንም በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ አመራን።

የጎንደር ሰው የሆስፒታሉን አካባቢ ዛሬም «ኮሌጅ» ይለዋል። ይህ ስም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 በዚህች ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ይህ ነው። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ታማሚው እስኪመጣ የሚጠብቁ ሳይሆኑ በቡድን ሆነው ወደ ገጠሩ የሚወርዱ፣ በሽታው ሳይጀምር ምንጩን የሚያደርቁ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ስለ መከላከል ይህን ያህል ዘመን በተማረች ከተማ የተወለድን ሰዎች ቤታችን ውስጥ ግን ዳማከሴና ሻሽ ይዘን ተቀምጠናል።

ልጅቱን የተቀበላት ወጣት ሐኪም መጀመሪያ ያየው ጉልበቷን አልነበረም። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ደም ተቀዳላት፤ የልብ አልትራሳውንድም ተነሣች። ከዚያም እናቷን «እናቴ፣ ይህ የጉልበት በሽታ አይደለም። ጉሮሮዋን ያመማት ነገር ልቧን ነክቷታል» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕፃናትን ጉሮሮ ከሚያሳምሙት ጀርሞች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ ጉሮሮው የዳነ ከመሰለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ በኋላ አካላችን እሱን ለመውጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ መውጋት ይጀምራል። ይህን ሐኪሞች ሪውማቲክ ትኩሳት ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ከአምስት እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ያልፋል፤ ምልክትም አይተውም። ልብ ላይ ግን ጠባሳ ይተዋል። ቫልቭ የሚባሉት፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ የልብ በሮች ይጨማደዳሉ፤ በደንብ መክፈትም መዝጋትም ያቅታቸዋል። ልጁ ዳግመኛ ጉሮሮውን ሲታመም በሮቹ እንደገና ይቆስላሉ። በዚህ ዓይነት ከዓመታት በኋላ፣ በ20 ወይም በ25 ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ እኛም «ድንገት ነው» እንላለን።

እናቶች ልብ በሉ! የልብ በሽታ የጠገበና የወፈረ ሰው በሽታ ነው የሚለው አባባል ስሕተት ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ለልብ ሕመም የዳረገው በጉሮሮ በኩል የሚገባው ይህ በሽታ ነው። በተጨናነቀ ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ አብረው በሚተኙ ልጆች መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛመታል። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ይልቁንም ደም መፍሰስን፣ ቴታነስንና ሌላ ተላላፊ በሽታ ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ግን እናትየዋ «አሳክሜአለሁ» ብላ እንድትዘናጋ ማድረጉ ነው። የአክስቴ ልጅ ለልጇ ያልተጨነቀች እናት አይደለችም። ሁለት ሰዓት አዝላት ሄዳ ነው ያስቆረጠቻት። ያንኑ ሁለት ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ አዝላት ሄዳ ቢሆን ኖሮ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ይበቃት ነበር።

በሩ ከተበላሸ በኋላ ያለው ሕክምና ግን ከባድ ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ዓመት የደከሙበት ተቋም፣ ብዙ ሕፃናትን ከሞት አትርፏል። ያም ሆኖ ቀዶ ሕክምና ተራ ሲጠብቁ የኖሩት ሕፃናት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። የልብ በር ሕመም ያለባት ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በእርግዝና ጊዜ ልብ የሚረጨው ደም ስለሚጨምር ተሸሽጎ የኖረው ሕመም ያን ጊዜ ይገለጣል። ትንፋሽ ማጠሩን ሁሉ «እርግዝና ነው» ብለን ማለፍ የለብንም።

የእኛዋ ልጅ እግዚአብሔር ይመስገን በጊዜ ደርሳለች። አንደኛው የልቧ በር በመጠኑ ተነክቷል እንጂ አልተበላሸም። ሐኪሙ «ይህች ልጅ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰደች ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል እንችላለን። ካቋረጠች ግን እንደገና ይመለስባታል። የሚወሰደው ለዓመታት ነው፤ የሚቆመውም ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው» አለን። እናቷ አንገቷን ደፍታ አሰበች። ማንበብ አትችልም፤ ቀን መቁጠሪያም የላትም። እኔ ልጅቱን አዲስ አበባ ወስጄ አሳክማታለሁ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አራት ሳምንት ማለት አራት ገበያ ነዋ!» አለች። «ዳባት ገበያ እወጣ የለም? አራተኛው ገበያ ሲደርስ ይዣት እወጣለሁ።» ሐኪሙ ሳቀ። «እኔ ከዚህ የተሻለ ላስረዳዎት አልችልም ነበር» አላት። ቀጠሮዋ ወደ ዳባት ተላለፈላት። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ? ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አለኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ወልጄ ስወጣ ከተለካሁት በስተቀር ተለክቼ አላውቅም። 136 በ88 ሆነ። ያን ዕለት ሐዘንም ድካምም ስለነበረብኝ ሌላ ቀን ሁለት ጊዜ እንድለካ ነገረኝ፤ ተለካሁ፤ ከዚያ ብዙም አልራቀም። 140 በ90 ከደረሰ የደም ግፊት በሽታ ይባላል። ከ120 በ80 በታች ሲሆን ጥሩ ነው። እኔ በመካከሉ፣ ከወሰኑ አጠገብ ቆሜአለሁ ማለት ነው። ዕድሜዬ ገና 36 ነው። የአክስቴ መንገድ ለእኔም ተጀምሯል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሐኪሙ የነገረኝንና ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሠራሁበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከአምስት ግራም በታች ይበቃል ይላል። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የእኛ ቤት ጨው ግን የሚገባው በብዙ በር ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፤ ወጡ ሲወርድ እንደገና ይጨመራል። አክስቴማ እንደ ብዙ የደጋ ሰው ቡናዋንም በጨው ነበር የምትጠጣው። እኔ በርበሬና ሽሮዬን ያለ ጨው አስፈጭቼ፣ ወጥ ላይ ብቻ በማንኪያ ለክቼ እጨምራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ባለቤቴና ልጄ «አልጫ ነው» ብለው አጉረመረሙ። አሁን ለምደውታል።

ሁለተኛ ቅባት። ቅቤና የሚረጋው የፓልም ዘይት በብዛትና በየዕለቱ ሲበላ የደም ሥርን ለሚያጠበው ስብ ምክንያት ይሆናል። ጎንደር የኑግና የሰሊጥ አገር ናት፤ ከእነዚህ የሚወጣው ፈሳሽ ዘይት ለልብ የተሻለ ነው። ይህንንም ቢሆን በልክ እናድርገው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን የድሃ ምግብ ተብለው መናቃቸው ስሕተት ነው፤ ልብ የሚወዳቸው እነሱን ነው።

ሦስተኛ እንቅስቃሴ። አያቶቻችን ዳገቱን በእግራቸው ይወጡት ነበር፤ እኛ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ እንጠራለን። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ቢሮ ተቀምጠን የምንውል ሴቶች ከሥራ ስንመለስ ጥቂት ቀደም ብለን ከታክሲ ብንወርድ ይህን መሙላት አያቅተንም። የወፈረችን ሴት «ተመችቷታል» ማለታችንንም ቆም ብለን እናስብበት።

አራተኛ ትንባሆ፣ መጠጥና ጭስ። ትንባሆ የደም ሥርን በቀጥታ ይጎዳል፤ የማታጨሰው ሚስትና ልጆችም ጭሱን ይስባሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። መኖሪያ ቤታችን የእኛ ሕግ ነውና እዚያም እንከልክል። አረቄና ጠላ ሲበዙ ግፊትን ያንራሉ። የማገዶ ጭስም ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይጎዳል፤ ማድ ቤታችን ጭስ ማስወጫ ይኑረው።

አምስተኛ መለካት። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ግፊታችንን እንለካ። የስኳር በሽታም ለልብ ሕመም ትልቅ መንገድ ከፋች ስለሆነ ባለሙያ ሲያዝ እሱንም እንመርመር። መድኃኒት የታዘዘልን ሰዎች ሐኪም ሳያዘን አናቋርጥ። ተሻለኝ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አያስፈልገኝም ማለት አይደለም። ጠበል የምንጠመቅም ብንሆን ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

ስድስተኛ የልጆች ጉሮሮ። ልጅ ትኩሳት ኖሮት ለመዋጥ ሲያመው፣ ከመንጋጋው ሥር እጢ ሲያብጥ፣ በተለይም ጉንፋንና ሳል ሳይኖረው ሲቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሕክምና ከጀመረ የልቡ ጉዳት እንዳይመጣ መከላከል ይቻላል። የታዘዘውን ኪኒን ሕመሙ ቢተወውም እስከ መጨረሻው ይዋጥ። መድኃኒቱን ግን በራሳችን ከመደብር ገዝተን አንስጥ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ ካለ ለባለሙያው አስቀድመን እንናገር።

«ይህ ሁሉ በእኛ እጅ ምን ለውጥ ያመጣል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ በተባለው ክፍለ ሀገር በልብ በሽታ የሚሞቱት ወንዶች ብዛት በዓለም ስሙ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ዘመቻ ተጀመረ። የመንደሩ የቤት እመቤቶች ማኅበር አባላት እየተሰባሰቡ ቅቤና ጨው የቀነሰ ወጥ እየሠሩ ለጎረቤት አቀመሱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉት ወንዶች ላይ የልብ በሽታ ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በኩባ ፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገርም እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1996 ድረስ እናቶችንና መምህራንን ስለ ጉሮሮ ሕመም በማስተማር፣ የታመሙትን ልጆች መዝግቦ መርፌያቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ በመከታተል ሪውማቲክ ትኩሳትን እጅግ ቀንሰውታል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 አገሮች ሁሉ ይህን በሽታ እንዲዋጉ ወስኗል። ዘመቻው የተጀመረው በማድ ቤትና በትምህርት ቤት መሆኑን ልብ ይሏል።

ምልክቱ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ደቂቃ አናባክን። ደረትን የሚጨምቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከቀዝቃዛ ላብ ጋር የሚመጣ ትንፋሽ ማጠር፣ በሴቶች ላይም ያለ ምክንያት የሚመጣ ከባድ ድካምና ማቅለሽለሽ፣ የፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ የእጅ መዛልና የአንደበት መተሳሰር የሚያስከትሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል!

ዘመዴ ከልጇ ጋር ወደ አገሯ ከተመለሰች ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። ወንድሟ ስልክ በደወለልኝ ቁጥር የምጠይቀው ስለ አዝመራው ሳይሆን ስለ አራተኛው ገበያ ነው። በክረምት ወንዝ ሞልቶ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ዘግይተዋል እንጂ መርፌው አላለፋትም። ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች፤ ጉልበቷም ድኗል። እናቷ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም «ቆራጩ ዘንድ አትውሰዱ፣ ከእኔ ጋር ገበያ ውጡ» እያለች ሌሎችን እናቶች ታስከትላለች አሉኝ። እኔ በጋዜጣ የማልደርስበት ቦታ እሷ በእግሯ ደርሳለች።

ውድ አንባቢዎች፣ ለአክስቴ ያልነገርኳትን ለእናንተ መንገሬ ዕዳዬን አይከፍልልኝም። ቢሆንም የእናንተም ቤት አንዲት ማጅራቷን የምታስር እናት፣ አንድ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ አያጣም። በዚህ ሳምንት እናታችሁን «ግፊትሽን መቼ ተለካሽ? ኪኒንሽስ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቋት። በዓሉ ይደፈርሳል ብላችሁ አትፍሩ። ደፍርሶ የሚጠራ በዓል ከድንኳን ይሻላል።